ጋሽ ገነነ የሚለኩት የጨንቻ መንገድ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ሚኒባስ ጋሽ ገነነ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ነው የሚቀመጡት። የከተማው መጨረሻ ቤት ሲያልፍ ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ይይዛሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። መንገድ ላይ ባለችው ላንቴ መንደር ረዳቱ ሰው ሊጭን "ሰው አለ፣ ቁም" ሲል ፊታቸው ይጨልማል። መጀመሪያ አጠገባቸው የተቀመጥኩ ቀን ሹፌሩ ካሚል በመስታወት አይቷቸው ምን እንዳስቸኮላቸው ጠየቃቸው።

"የምቀበርበትን እየለካሁ ነው" አሉት።

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ካሚልም በእኔ መኪና ሰው አይሞትም ብሎ ማርሽ ቀየረ። እኔ ደግሞ የሰው ወሬ ስወድ አይጣል ነው፤ ስንወርድ ተከተልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው ዳር በርጩማ ስቤ መቀመጥ ልማዴ ሆነ።

ጨንቻ ተወልደው ያደጉ ሸማኔ ናቸው። ባሃኢ የሆኑት በወጣትነታቸው ነው። የሃይማኖቶች ሁሉ ምንጭ አንድ፣ የሰውም ዘር አንድ ነው ሲሏቸው፣ ድሮ የማውቀውን ያስታወሱኝ መሰለኝ ይላሉ። ጴንጤዋ እናታቸው ግን ስንት ቀን አለቀሱ። ክር የሚሸጥላቸው ጀማል እስከ ዛሬ ይቀልድባቸዋል፤ አንተ ብልጥ ነህ፣ የእኔንም የእህትህንም በዓል ትበላለህ ይላል። እሱም ቢሆን በመጋቢት የእሳቸው ጾም ሲፈታ ቀርቶ አያውቅም።

ጥጥ ለሚፈትሉላቸው ሴቶች ከሌላው ሸማኔ አብልጠው ይከፍላሉ። ገበያ አበላሸህ ብለው ባልደረቦቻቸው ሲቆጡ፣ የጋቢ ክር የምትፈትል ሴት ራሷ ጋቢ ካጣች፣ ባለጸጋውና ድሃው እንዲህ ከተራራቁ፣ ዓለም ሰላም አያገኝም ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው "የዓለም ባንክ" ሆኖ ቀረ።

ዋጋ ያስከፈላቸው ግን ትዳራቸው ነው። እትዬ ዘሪቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበሩ። ያኔ በሰፈራቸው የሸክላ ሠሪ ልጅ ለሸማኔ አይዳርም፤ መቃብሩ እንኳ ለብቻ ነው። ሰው አንድ ነው ብዬ አምኜ እሷን እንዴት ልተው ይላሉ። ተጋብተው ወደ ቆላ ወረዱ፤ እዚያው ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ። እትዬ ዘሪቱ ሙቀቱን አልለመዱትም። በበጋ ቀትር ግንባራቸውን እንስራው ላይ አስደግፈው፣ "ይኼኔ እኛ አገር ጉም ወርዷል" ይሉ ነበር።

ሲሞቱ ምኞታቸው ወደዚያ ጉም መመለስ ነበር። በባሃኢ ሕግ ግን ሟች ከሞተበት ከተማ ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ አይወሰድም። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት። እታች ቀበሯቸው።

"ሕጉን አልጣስኩም" አሉኝ መወርወሪያውን አቁመው። "ግን ያንን የቆላ ሙቅ አፈር ሳለብሳት እጄ አልታዘዘኝም።"

መንገዱ መሠራት ሲጀምር ልባቸው ተነሳ። ለእሷ ያልሆነው ለእኔ ይሁን፣ ቢያንስ አንዳችን አገራችን እንግባ አሉ። በየወሩ እህታቸውን እትዬ ፀዳለን ሊጠይቁ ሲወጡ ይለካሉ። አንድ ሰዓት ከሃያ፤ አንድ ሰዓት ከስድስት። ባለፈው ኅዳር፣ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፣ ጨንቻ መናኸሪያ ስንደርስ ስልኩ ሃምሳ ስድስት ደቂቃ አለ። ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። ካሚል ሳይቀር ወርዶ ጨበጣቸው።

እትዬ ፀዳለ ወሬውን ሲሰሙ አለቀሱ።

"ታ እሻ" አሏቸው፤ በጋሞኛ ወንድሜ ማለታቸው ነው። "ከእናታችን አጠገብ ቦታ ጠብቄልሃለሁ።"

ወሰዱንና አሳዩን። ከቀርከሃው ሥር ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ ርጥብ። ጋሽ ገነነ ቆመው ጉሙን ሳቡት። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም።

"ዘሪቱ እዚህ ብትሞት ኖሮ፣ ከእናታችን አጠገብ ታስገቧት ነበር?"

እትዬ ፀዳለ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር። በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ አንድ ነው ተብሎ ይሰበካል አሉ። ዘመኑም ተለውጧል አሉ። ቢዋሹ እኔ አላውቅባቸውም ነበር፤ ግን አልዋሹም።

"እኔ አስገባት ነበር፣ ታ እሻ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ግን እንጃ።"

ጋሽ ገነነ አልተቆጡም። የእህታቸውን ትከሻ ነካ አድርገው፣ "ቦታውን ለሌላ ስጪው። እኔ እሷ ዘንድ ነኝ" አሉ።

ልንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ሳለ እትዬ ፀዳለ እያለከለኩ መጡ። በመስኮቱ አንድ የሸክላ ገንቦ አቀበሏቸው፤ አፉ በኮባ ቅጠል ታስሯል። ውስጡ ከእናታቸው አጠገብ የተዛቀው አፈር ነው።

"አልብሳት" አሉ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሽ ገነነ ስልካቸውን አላወጡም። ላንቴ ላይ ረዳቱ መኪናውን አስቁሞ ሁለት ሴትና ሦስት ኬሻ ሲጭን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። ገንቦውን ታቅፈው፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው እጃቸውን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተቱ።

"ገና አልሞቀም" አሉኝ።