ለፎርክሊፍት ነጂው የተሳልኩት ጧፍ

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘን ሰፈር አብሮኝ የሚሠራ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ፈረንጅ አለ፤ መኪናዬ በብርድ አልነሳ ባለች ቁጥር ቤቴ ድረስ ራይድ ይሰጠኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ «እትዬ፣ ቲቪ ላይ ልወጣ ነው» አለኝ። «እትዬ» ማለትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ወንዶች እንደ ሴት ለብሰውና ተኳኩለው የሚወዳደሩበት ፕሮግራም ነው። የአዲሱን ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል አብሬው እንዳይ ለመነኝ። ኦኮቶክስ የምትባል ከተማ ያለችው እናቱ «እኔ አላይም» ብላዋለች፤ ብቻውን ማየት ደግሞ ፈርቷል። ቀረጻው ካለቀ ቆይቷል፤ ውጤቱን ቢያውቅም እንዳይናገር ፈርሟል።

ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ፣ ዓርብ ስለነበር፣ የጾም ምግብ ቋጥሬ ቤቱ ሄድኩ።

«የትኛው ነህ?» አልኩት ሲጀመር።

«ረጅሟ።»

ወርቃማ ፀጉር፣ አረንጓዴ ቀሚስ። ቅንድቡ ከእኔ ይሻላል።

«ደረትህን አይበርድህም?»

የዕለቱ እንግዳ ዳኛ ስመ ጥር ዘፋኝ ናት። እግሯን አነባብራ «ቀሚሱ ይሰለቻል» አለች።

«እሷ ምን ለብሳ ነው?» አልኩ። እጅጌ የሚባል ነገር አልነበራትም።

መጨረሻ ላይ ከሁለት አንዱ ሊባረር፣ እሱና አንድ ሌላ ቀሩ። አጠገቤ አንገቱን ደፋ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ፣ «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ዛሬ ካላሳፈርሽልኝ ጧፍ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ያለቀ ነገር መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተሳልኩ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ስለት ይሠራ እንደሆነ የነፍስ አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ከየት ብዬ ልጀምር?

አልተባረረም። አለቀሰ።

«እያወቅከው ታለቅሳለህ?»

«እርስዎ አያውቁም ነበራ።»

እሑድ ጧፉን ይዤ ሄድኩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስለት ሲገባ በማይክ ይነገራል። የሚያስተባብሩት አዛውንት ጠጋ ብለው «ስለትሽ ምን ነበር?» አሉኝ። እዚያ ቆሞ መዋሸት አይቻልም።

«አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ውድድር ላይ ነበር፤ እንዳይባረር ነው።»

«የምን ውድድር?»

«የአለባበስ።»

በማይኩ ተናገሩት። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ እልል አለ።

ሰኞ ነገርኩት። ፎርክሊፍቱን አቆመ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አዛውንቱም አጨብጭበዋል።»

«ለእናቴ ልንገራት?»

«ንገራት» አልኩት። «እልል ያለው ሰው ግን ለምን እልል እንዳለ በደንብ አያውቅም። እሱንም ጨምረህ ንገራት።»