ሳይሸተት የተቆረጠ አበባ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ማርልቦሮ ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር፣ ከላዬ ከህንድ፣ ከሃይደራባድ የመጣች ሴት ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ባቱካማ የሚባል የሴቶች በዓል ደርሶባታል። አበባ ትሪ ላይ ዙሪያውን እየተደረደረ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ብሎ ይቆማል፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ እየዞሩት ለእናት አምላካቸው ይዘፍናሉ፤ በመጨረሻ ውሃ ላይ ይለቁታል። ያገባች ሴት ለዚህ በዓል እናቷ ቤት ትሄዳለች። እሷ መሄድ ባትችል እንኳ አበባውን ለልጇ ልታሳያት በግቢያችን ስትተክል ከርማ፣ የካልጋሪ ውርጭ በአንድ ሌሊት ድራሹን አጠፋው።

"ያለ አበባ ምን በዓል አለ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ከአጥራችን ማዶ አስመራ በአማርኛ የተማሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ነበሩ። አበባቸውን ማታ ማታ አንሶላ ያለብሱታል፤ ቅጠል የነካባቸው ወዮለት። እየፈራሁ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ፍሮስቱ የጎረቤቴን አበባ ጨረሰባት። ለበዓል ፈልጋው ነበር።"

"የምን በዓል?"

"የሴቶች።" ስለ አምላኳ ትንፍሽ አላልኩም። እኔ ራሴ ጴንጤ ነኝ፤ የምሸከመው አበባ ብቻ ነው ብዬ ኅሊናዬን አባብዬዋለሁ።

"ለሴቶች ከሆነማ!" አሉና መቀስ ይዘው ወጡ።

ሦስታችንም ላይ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እትዬ እያንዳንዱን አበባ አፍንጫቸው ሥር ወስደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "እሰይ!" እያሉ ያቀብሏታል። እኔም እንደሳቸው። አበባ ይዞ የማያሸት ማን አለ? የጎረቤቴ እጅ ግን ቆመ። ወደ ኩሽና ጎተተችኝና፣ "ለአምላክ የሚቀርብ አበባ ሰው ቀድሞ አያሸተውም። እባክሽ፣ እንዳትነግሪያቸው" አለችኝ።

ነገርኳቸው እንጂ! ያ ሁሉ አበባ ባክኖ ዝም ይባላል? እትዬ ብድግ ብለው ወጡ። አለቀልን፣ ተቀየሙ ብዬ በመስኮት ሳይ፣ ማንም እንዳይጠጋው የሚጠብቁትን የዳሊያ አበባቸውን አንሶላ ገልጠው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው ይቆርጣሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አሉኝ ተመልሰው ሲገቡ፣ እንደታፈኑ። "ዳቦስ ሳይባረክ ይቆረሳል እንዴ?"

አበባው እስከ ጉልበታችን ቆመ። የተሸተተውን ጎረቤቴ በየፀጉራችን ሰካችልን። ዘፈኑን አናውቀውም፤ ጭብጨባውን ግን ማን ይችለናል! እትዬ እየዞሩ እልል ሲሉ ትንሿ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ደስ ብሎኝ ፓስተሬን ጭራሽ ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ኮራል ስፕሪንግስ የሚባል ሐይቅ ያለው ሰፈር፣ የጎረቤቴ ባል ዘመድ ቤት ሄደን አበባውን ሐይቁ ላይ ለቀቅነው። ጎረቤቴ እያየችው በእንግሊዝኛ፣ "እናቴ ቤት ሳልሄድ ያከበርኩት የመጀመሪያው ነው" አለችኝ። ለእትዬ ተረጎምኩላቸው።

እትዬ ተቆጡ። "የኔ ቤት ታዲያ የማን ቤት ነው? ንገሪያት እንጂ!"

ልነግራት ዞር አልኩ። እኔን ግን የጠበቀ አልነበረም፤ ጎረቤቴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማለች።