ጦስኝና የገዳሪፍ ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ዳባት ያለችው የእህቴ ልጅ በግቢዋ ድንጋይ ደርድራ፣ በየስንጥቁ ጦስኝ ተክላ አሳየችኝ። ጦስኝ መቼም የደጋ ነው፤ ክረምት ከበጋ ሳይረግፍ፣ ከመሬት ሳይርቅ፣ ድንጋይ አቅፎ ይኖራል። እሷ "እስቲ አሽትቺው አክስቴ!" ትለኛለች፤ የኔ ልብ ግን ገዳሪፍ ገብቷል።

ያኔ ገና ልጃገረድ ነኝ። ከስሜን ወደ ሱዳን ተሰደን ገዳሪፍ ዳር በሣር ጎጆ እንኖር ነበር። እናቴ ታማ አልጋ ይዛለች፤ እንጀራ ቢሉ የሱዳኑ ቂጣ ኪስራ አይወርድላትም። አባባ አደራ ብሎት ኖሮ፣ ለሰሊጥ አጨዳ በገላባት ድንበር ያለፈ ያገራችን ሰው ጦስኝ ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። እናቴ ስታየው ተነስታ ተቀመጠች።

"ይህ ከያዘ እኔም እተርፋለሁ" አለች። ምልኪ አደረገችው፤ ወይ ጣጣ!

አባባ ደገኛ ነው። "ጦስኝ ያለ ድንጋይ መች ይኖራል?" አለና፣ የሰፈራችን መሬት ጠጠር የሌለው መረሬ ስለሆነ፣ ካሮ የሚሉትን የአህያ ጋሪ ለምኖ ከኮረብታው ጥቋቁር ድንጋይ አምጥቶ ካበለት። በአገራችን ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ከውርጭ ጠብቆ ያሳድረዋል። ገዳሪፍ ምን ውርጭ አለ!

ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ሐጃ "ወላሂ ያቃጥለዋል፣ አንሱት" ብትለው፣ "የቆላ ሰው ጦስኝን የት ያውቀዋል" ብሎ ተቆጣ። ከሰዓት ድንጋዩን ብነካው መዳፌን ለበለበኝ።

"አባባ፣ ኧረ እናንሳው።"

"ድንጋዩን ካጣማ ይሞታል፣ ልጄ" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ውኃ ሳጠጣው እውላለሁ፣ እሱ ከጫፉ ይደርቃል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ያዘ?" ትላለች። "እየያዘ ነው" እላታለሁ።

ፈጽሞ ሲደርቅ አባባ ነቅሎ አፈላው። ሽታው ጎጆውን ሞላው።

"ይዟል፤ ይኸው ከሱ ቀንጥሼልሽ ነው" አላት።

ስሜን ያደገች ሴት የደረቀውን ከለምለሙ በሽታው ትለያለች። ግን ጠጣችው። "ተመስገን" አለችና ኩባያውን መለሰችለት፤ "ቀሪውን አንተ ጠጣ፣ ከኔ ብሰህ ከስተሃል።" እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ሰሊጡ ተጭኖ ሳያልቅ ቀበርናት። አባባ እነዚያኑ ድንጋዮች ተሸክሞ ሄዶ መቃብሯ ላይ ካባቸው።

"ምን ሆንሽ አክስቴ?" አለችኝ የእህቴ ልጅ። ጎንበስ ብዬ ከጦስኟ ሥር ያለውን ድንጋይ ዳሰስሁት። እኩለ ቀን ነው፤ ድንጋዩ ግን ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ምስኪን አባቴ፣ የሚያውቀው ይህን ድንጋይ ነበር።