ለሚጉ የመጣው ተለጣፊ

ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው። አገር ቤት ሳለ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር፤ ለንደን ከመጣን ወዲህ ደግሞ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ኖረ። አሁን እንኳ አረፍ ልበል ባለበት ሰዓት ቀኝ እጁ ከዳው። አንደበቱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እግሩም እንደ ነገሩ ይራመዳል፤ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በግራው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቆይቶ መልሶ ያወርደዋል።

እኔ ካምደን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ጽዳት ነው የምሠራው። ገና ሳይነጋ ከምንኖርበት ከቶተንሃም እወጣለሁ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ እመለሳለሁ። እኔ በሌለሁበት አብረውት የሚቀመጡት ከታች ፎቅ የሚኖሩት ኤርትራዊት ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኛ ቀድመው የመጡ፣ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ የድሮ ተማሪ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ባለቤቴ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን፣ ማንም ሳይለምናቸው ካፖርታቸውን ደርበው መጡና፣ "አንቺ ሥራሽን አትተዪ፤ እኔ ቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?" አሉኝ። በዚያው ለመዱ።

ቤት እየመጣች የምታየው ፊዚዮቴራፒስት ጣቶቹን የሚያሠራ ነገር ፈልጉለት፣ የሚወደው ነገር ቢሆን ይሻላል አለችን። ምን ትወዳለህ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበና "አውሮፕላን" አለኝ። ክላፋም የምትኖረው ልጃችን ከአንድ ሱቅ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሚግ የጦር አውሮፕላን ገዝታ አመጣችለት። የሳጥኑን ሥዕል ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሙጫ ሙጫ ይሸት ጀመር። ቀን ቀን እትዬ ቁርጥራጩን ይይዙለታል፤ እኔ ስመለስ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ገና ከበሩ ሳልገባ ይጠራኛል።

"ነይ እስቲ፣ ይቺን ክንፍ ያዢልኝ።"

"ጫማዬን እንኳ ላውልቅ?"

"አውልቂ። ሙጫው ግን ይደርቃል።"

ጫማዬን ሳላወልቅ እይዝለታለሁ። ጉልበቴ ይቆረጥማል፣ ዓይኔ ይከደናል፣ እሱ ግን አይቸኩልም። እትዬ በዚህ ይስቁብን ነበር። "የሽማግሌ መጫወቻ" ይሉታል፤ መልሰው ደግሞ የወደቀች ጎማ ለመፈለግ ከጠረጴዛው ሥር ይንበረከካሉ።

አውሮፕላኑ ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ክንፉ ላይ የሚለጠፈው የአየር ኃይል ምልክት ቀረ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው የሌሎች አገሮች ምልክት ነበር። ባለቤቴ አየውና ገፋው። "ይሄ የእኛ አይደለም" አለ። ልጃችን ኢንተርኔት ላይ ቼክ ስታደርግ፣ ፋብሪካው ያላሰበውን አገር ሁሉ ምልክት ለብቻው እያተሙ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ አገኘች። ዲካል ይሉታል፤ እኔ ተለጣፊ ነው የምለው። ኦርደር አደረገችለትና በፖስታ መጣ። መዳፍ የምታክል ወረቀት ናት። የባንዲራችን ቀለም ያለባቸው ክቦች፣ የጅራቱ ባንዲራ፣ ቁጥሮች፣ ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ ጽሑፎች ታትመውባታል። በአጉሊ መነጽር ሲያያት ቆየ።

"ቢጫው ትንሽ ጠቆረ" አለ። "ይሁን ግዴለም።"

ያን ቀን እራቱን የበላው ወረቀቷን ከሳህኑ አጠገብ አድርጎ ነው።

ተለጣፊው እንደ ተራ ስቲከር ተልጦ አይለጠፍም። በመቀስ ይቆረጣል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲለቅ ስሱ ፊልም ከወረቀቱ ላይ በብሩሽ እየተገፋ ክንፉ ላይ ይንሸራተታል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ክብ በግራ እጁ ሊያንሸራትት ሲሞክር ፊልሙ በራሱ ላይ ታጠፈና ተበላሸ። ብሩሹን ወረወረው።

"ተይው። ሰለቸኝ።"

"እኔስ አልሰለቸኝም?" አልኩት። "ከመጣሁ አንድ ኩባያ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም።"

ከዚያ ብሩሹን ከወለሉ አንስቼ ሁለተኛውን ክብ እኔው ነከርኩት። በረኪና የሰነጣጠቀው ጣቴ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ እንጂ እንደ ምንም ገባ። ቦታውን እሱ ያሳየኛል፣ እኔ አንሸራትታለሁ። ውሃውን በጥጥ ማድረቅ ሲቀር ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ አመጣና ጥጡን ራሱ ተጫነው። ጣቶቹ ሲታዘዙለት አየሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልን ጨረስነው፤ ላዩን ቫርኒሽ ቀባነውና መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው።

እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ጎራ አሉ። ሻይ ቀዳሁላቸው። መስኮቱን አዩና መነጽራቸውን አወጡ።

"ምንድነው የለጠፍክበት?"

"የእኛ ምልክት ነው እትዬ" አለ ባለቤቴ ደስ ብሎት። "ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው የተገኘው።"

ቀርበው አዩት፤ አልነኩትም። ተመልሰው ተቀመጡ።

"አውቀዋለሁ" አሉ። "የገበያ ቀን ነበር። ታናሽ እህቴን ይዤ ወደ ሸለቆው ሮጥኩ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ቀና አልኩ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲዞር ክንፉ ላይ ፀሐይ አረፈበት፣ ይሄንን ክብ አየሁት። ቀለሙን ሁሉ አየሁት። እህቴ ከዚያ አልተነሳችም።"

ስንት ዓመት ስንጎራበት ይህን ነግረውን አያውቁም። ባለቤቴ ሲጨንቀው አንደበቱ አሁንም ይያዛል።

"እኔ… ሞተር ነበር የምሠራው" አለ በመጨረሻ።

"ምን ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ ልጄ። እዚህ ከገባችሁ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ እንዴት…"

"እንዴት ምን? ጎረቤቴ ነህ። ታመምክ፣ መጣሁ።"

ሻያቸውን ጠጡ፣ ከእኔ ጋር ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ተነሥተው ሄዱ። እኔ አውሮፕላኑን መኝታ ቤት አስገባሁት። ነገ ባይመጡስ፣ እሱን ለማን ትቼ እሄዳለሁ? ያሳሰበኝ መጀመሪያ ይህ ነበር፤ የደከመው ሰው ሐሳቡ አጭር ነው።

ሰኞ በሰዓታቸው ካፖርታቸውን ደርበው መጡ።

"እትዬ፣ አውሮፕላኑን ከዓይንዎ አርቄዋለሁ" አልኳቸው በሩ ላይ።

"ሂጂ አሁን፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል" አሉኝ።

ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ጠረጴዛው ጋ ነበሩ። አውሮፕላኑ መሃላቸው ተቀምጧል። ባለቤቴ በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ በቀኝ እጁ ይዞ ክንፉን ይፈትጋል። ቫርኒሹ አልለቅ ብሎታል፤ የአንደኛው ክብ ግማሽ ተቦጭቆ ሄዷል፣ ግማሹ ቀርቷል። ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ተው ብለው አልሰማኝም" አሉኝ እትዬ። "እኔ አንሳልኝ አላልኩትም።"

"ይለቃል" አለ እሱ። "ትንሽ ነው የቀረው።"

ትንሽ አልነበረም። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ጨርቁን ከእጁ ወሰዱና አጣጥፈው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። "በቃ። እጅህን አሳርፈው።"

አውሮፕላኑ እንደተላጠ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ። እትዬ መምጣታቸውን አልተዉም። ባለቤቴም ሌላ አውሮፕላን ሲመጣለት ምልክቱን ሳይለጥፍ ነው የሚተወው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ማታ ማታ ለመጠየቅም አቅም የለኝም።

አንድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ፌርማታው ላይ እትዬን ጠየቅኋቸው። ያን ሰኞ እኔ በሌለሁበት ምን ተባባላችሁ አልኳቸው።

"እህትዎ ማን ትባላለች አለኝ" አሉ። "ስንት ሰው አዝኖልኛል፤ ስሟን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኩት። ከዚያ ነው ጨርቁን ያነሣው።"

ስሟን ለእኔም ነገሩኝ። አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ፤ ክንዳቸውን ይዤ አሳፈርኳቸውና አንድ ወጣት የለቀቀልን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ አጠገባቸው ብረቱን ይዤ ቆምኩ።