ዳፍንት በሁዳዴ

የመተማ ቆላ ሰው ደም ስጥ ተብሎ አይለመንም። ወባ አስለምዶታል፤ ጣቱን ይወጋል፣ ጥላ ሥር ትንሽ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ሥራ ግን ሌላ ነበር። ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ ከልጆች ክንድ ደም እየቀዳን፣ የሕዝቡን የቫይታሚን ኤ እጥረት ለማወቅ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ውጤቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ ያውም ለአገር እንጂ ለአንድ ልጅ አይደለም። ይህን ለእናቶች ማስረዳት ከመውጋቱ ይልቅ ያደክማል።

ደሙ ብርሃን ካገኘው ስለሚበላሽ የምንሠራው በወፍራም ሸራ በተጋረደ ድንኳን ውስጥ ነው። በመጋቢት፣ በዚያ ሙቀት። ደሙን የምናቀዘቅዝበት በረዶ ሥራ ሳንጀምር ይቀልጣል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ሰው ማናገር ያስጠላኛል።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አስወግታ አልሄድም አለች። የወባ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዋለች። ሲመሻሽ መጥታ ውጤቱን ጠየቀችኝ። ስንቴ እንደተናገርኩት የማላውቀውን ማብራሪያ ስጀምር አቋረጠችኝ።

“ዶክተር፣ ልጄ ጀንበር ስትጠልቅ አታይም። እሳት ውስጥ ልትገባብኝ ነው።”

ዶክተር አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ዳፍንት መሆኑን ለማወቅ ግን ደሙ አዲስ አበባ መድረስ አያስፈልገውም። ጤና ኬላው የቫይታሚን ኤ ካፕሱሉን ከጨረሰ ሰንብቷል። ጉበት አብያት አልኳት። ሳቀችብኝ። ለዳፍንት ጉበት እንደሚበጅ ያላወቀ የለም፤ ጭንቋ ሌላ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ልጅቷ ለጾም ባትደርስም የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተዘግቷል። የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ እሱ የባረከውን ደግሞ ልጇ አትቀምስም። ለዓይን ሲባል ምናለበት ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም አላበላትም ነበር።

ወሬው አላደረም። በማግስቱ ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው ሙስሊም ጎረቤታቸው አንድ ወጠጤ ፍየል ጎትቶ መጥቶ ደጃቸው ላይ አሰረ። እኔ ካረድኩት አትበሉም፣ በራሳችሁ ባርካችሁ እረዱት አላቸው። አባትየው አረደ። እንግዲህ ባለፍየሉ ክርስቲያን ያረደውን አይበላ፤ ያረደውም ጾመኛ ነው። የጎረቤት ክርስቲያን ሕፃናት ጠገቡ፤ የተረፈው ለፋሲካ ቋንጣ ሆነ። ጉበቱ የልጅቷ ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ድካሙ ደስታውንም በላው። ወደ ሸራዬ ተመልሼ የሌሎችን ልጆች ክንድ ስወጋ፣ ያንኑ ማብራሪያ ስደግም ሰነበትኩ።

የምንሄድበት ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ሣጥኖቹን መኪና ላይ ጭነን ጨረስንና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለማን ነው የምለፋው እያልኩ ነበር። ጨለማው ገና ድቅድቅ አላለም፤ ዳፍንት ያለበት ሰው ብቻ የሚደናበርበት ሰዓት ነው። ልጅቷ በጣሳ ውሃ ይዛ፣ ማንም ሳይመራት፣ ግቢውን አቋርጣ መጣች። ሰጠችኝና ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

“ጋሼ፣ ዓይንዎ ደም መስሏል” አለችኝ። “ያምዎታል?”