ማተብ ላይ የታሰረ ቁልፍ

እኔ ደላላ ነኝ፤ ስሜ አወቀ ይባላል። ጎንደር ለጥምቀት ስትሞላ አልጋ ያጣ ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። በዚያ ሰሞን ባዶ አልጋ ሳይ ያመኛል። ስለዚህ አራዳ ውስጥ ስድስት ክፍል ያለው አልጋ ቤት ተከራይታ የምትሠራው እትዬ ሸዋአየሁ ስንት ዓመት እንዳንጨረጨረችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ከስድስቱ አንዱን፣ በር አጠገብ ያለውን፣ አታከራይም።

አንሶላው በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ብርድ ልብሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ባልዲና ሳሙና በሩ ሥር ይቀመጣል። ማን ሊተኛበት? ከዳባት ወይ ከደባርቅ ለመውለድ መጥታ ቀኗ ያልደረሰ፣ ወይ ወልዳ ከሆስፒታል ወጥታ ማኪና ያመለጣት። አልጋ ቤት ነፍሰ ጡር አይወድም፤ ፍራሽ ይበላሽብኛል ይላል። እኔም ባለቤቶቹን ለማስደሰት ስንቷን «ሞልቷል» ብዬ እንደመለስኩ እግዜር ይወቀው።

እትዬ ሸዋአየሁም አንድ ጊዜ «ሞልቷል» ብላለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሳታለሳልስ። ከዓመታት በፊት፣ የገና ዋዜማ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ስትል ሆዷ የገፋ ሴት ከባሏ ጋር በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ክፍል ባዶ ነበር። «ሞልቷል» አለቻቸው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ፣ ቄሱ እመቤታችን ማደሪያ አጥታ በበረት መውለዷን ሲያስተምሩ ሰማች። ቅዳሴውን ጥላ ወጣች። መናኸሪያውን፣ የሱቁን በረንዳ ሁሉ፣ የሆስፒታሉን በር ዞረች። ሴትዮዋን አላገኘቻትም። የት እንደወለደች፣ ትኑር ትሙት፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«በዓመት አንድ ቀን ዶሮ ሠርቼ ልደትን አከበርኩ ብል ውሸታም ነኝ» አለችኝ። «እኔ ዘንድ ልደት ዛሬ ነው። ነገም ነው።»

ባለፈው ጥምቀት፣ በከተራው ጠዋት፣ የቤቱ ባለቤት አቶ ሀብተሥላሴ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፣ ጾም አይሽሩም። ከአዲስ አበባ የመጡባቸው እንግዶች ማደሪያ አጥተዋል። «አንድ ባዶ ክፍል አለ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን አልደብቅም።

«ሸዋአየሁ፣ የበር አጠገቡን ክፍል ክፈቺ።»

«ምነው አያ ሀብተሥላሴ? የወላድ ነው እኮ።»

«የታለች ወላዷ? ባዶ ነው!»

«ባዶማ ነው። ትመጣለች።»

«እና እንግዶቼን ቀሐ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ላስተኛቸው?»

«እነሱ ማኪና አላቸው፣ ስልክ አላቸው፣ አንቱ አሉላቸው። እሷ ማን አላት? ገና ካለፈ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው። እመቤታችን ማደሪያ አጣች ሲባል አብረን ቆመን አልቅሰናል። እንባዎ ዐሥራ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም?»

ተከትለዋቸው የመጡት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ጎረቤቱም ወጥቶ ያያል። የአቶ ሀብተሥላሴ ፊት ቀላ። «ቁልፉን አምጪ!» አሉ።

እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች። ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታስሯል።

«ይኸው። ክፍሉን ከፈለጉ ማተቤን ይበጥሱ።»

ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ማተብ ያሰሩ ናቸው። በከተራ ቀን፣ በሰው ፊት፣ የክርስቲያን ማተብ ሊበጥሱ? እጃቸው ተነሥቶ ነበር፤ መለሱት። «እንግዲያው ውልሽ ሲያልቅ ቤቴን ትለቂያለሽ» ብለው ሄዱ።

«እለቃለሁ» አለች ድምጿን ሳታነሣ።

በዚያው ቀን ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ እንዴት ደስ ባለኝ! እውነቴን ነው፣ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ እንኳ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ማንም አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ተናደድኩ። «ይኸው! ለባዶ አልጋ ብለሽ ቤትሽን አጣሽ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ባዶ ካደረ ሸጋ ነው፤ ደጅ የወደቀች አልነበረችም ማለት ነው። እኔ የምፈራው መጥታ ሞልቷል እንዳትባል ነው።»

ውሉ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ቤት የፈለግኩላት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ኮሚሽን እንኳ አልተቀበልኩም። ያገኘሁት ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ብቻ ነው።

«እንግዲህ አሁን ሁለቱንም ታከራያለሽ» አልኳት።

«አንዱን አከራያለሁ። አንዱ የወላዶች ነው።»

«አንቺስ የት ልትተኚ?»

«ማድ ቤቱ ምን ጎደለው?»

ዕቃ የጫነው ማኪና ሲቆም የእሷን አልጋ ላወርድ ስጎትት ክንዴን ያዘችኝ። «መጀመሪያ የወላዷን» አለች። አስገባነው፣ አንሶላ አነጠፍን፣ ባልዲውን በሩ ሥር አስቀመጥን። የአዲሱን በር ቁልፍ ማተቧ ላይ አሰረች።

በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ የሚሠራ ደላላ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ከማክሰኝት የመጣች ሸምሲያ የምትባል ነፍሰ ጡር አለች፣ ከባሏ ጋር። ማደሪያ ትፈልጋለች። እንደ ልማዳችን ሞልቷል ልበላት?»

«አልሞላም» አልኩት።