በቅል የቆዩት እንቁራሪቶች

እንደነዚያ ያሉ እንቁራሪቶች ከእኛ ምንጭ ሌላ የትም አላየሁም። አውራ ጣት የማያክሉ፣ ሆዳቸው እንደ እርድ ቢጫ። የድንጋይ ሽበት ግን፣ ያ አለት ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ ከቀወት እስከ ጣርማ በር ጥላና እርጥበት ባለበት ሁሉ አይጠፋም። እሱን ማን ልብ ይለዋል?

ምንጩ በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሳይገባ ይጠረጋል። ሽበቱ በማጭድ ተፍቆ ይጣላል፤ እንቁራሪቶቹ ውሃ በያዘ ቅል ይቆያሉ። ውሃው ሲጠራ ያወጣቸው ሰው ራሱ ይመልሳቸዋል። ሌላ እጅ ከመለሳቸው ምንጩ ይሸሻል ይባል ነበር። ያን ዓመት ያወጣቸው ወንድሜ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ቅሉን ለእናቴ አቀብሎ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ታጣቂዎች መጥተው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እግሩ ጭቃ ነበር። እኔ ቆሜ ያየሁት ጭቃውን ነው።

እናቴ ቅሉን ቤት አስገባችው።

«ምነው፣ እንቁራሪት ልታረቢ ነው?» አሏት በዕድሜ የሚበልጧት ጎረቤታችን። «እንቁላል ሲጥሉ እኔንም እንዳትረሺኝ!»

እናቴ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ያወጣቸው ይመልሳቸዋል። ሌላ ሰው ከመለሳቸውማ እሱ ለምን ብሎ ይመጣል?»

«ኧረ አላህን ፍሪ! ልጁ ሲመጣ ሌላ ያወጣል፤ እነዚህን ልቀቂያቸው።»

«ሌላ የለም። ሁሉንም ነው ያወጣቸው።»

ውሃ እየቀየረች፣ ዝንብ እየያዘች ጠበቀች። መንገዱ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። እንቁራሪቶቹ መጀመሪያ መጮኽ ተዉ፣ ከዚያ መዝለል። አንድ ጠዋት ቢጫ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኘናቸው። እናቴ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። እሷ ቅሉን፣ እኔ እንስራዬን ይዘን ወደ ምንጩ ወረድን።

የተፋቀው ሽበት ዳር ላይ እንደተጣለ ደርቆ፣ እንደ አሮጌ ጆንያ ቡናማ ሆኗል። ስነካው ተንኮሻኮሸ። እንቁራሪቶቹን ቀበርናቸው፤ የቅሉን ውሃ እናቴ ሽበቱ ላይ ደፋችው። እንስራዬን ሞልቼ ቀና ስል ሽበቱ አረንጓዴ ሆኗል።

እናቴ አየችው። «ይሄን ደግሞ ማን ጠበቀው?» አለች።

እንስራዬን አዝዬ ወጣን።

ወንድሜ በዚያው ቀረ። ምንጩ እንኳ አልሸሸም፤ ዛሬም ይፈሳል፣ ሽበቱም እዚያው አለ። ሲመሽ ግን የሚጮኽ የለም።